የፕሪቶሪያ ስምምነት ተጣሰ ሲባል፦ ለተጠያቂነት የሚበቃ መዝገብ አያያዝ

«ስምምነቱ ተጣሰ» የሚል መግለጫ ሲወጣ «የጣሳችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል ሌላ መግለጫ ይከተለዋል፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም። አንዱ ምክንያት ማስረጃው አለመኖሩ ሊሆን ይችላል። ሌላውና በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ምክንያት ግን ማስረጃው ከየትኛው ግዴታ ጋር እንደሚያያዝ ማንም ጽፎ አለማስቀመጡ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተዘጋጀው ለተፈናቃዮች ኮሚቴ፣ ለቀበሌ ሽማግሌዎች፣ ለጋዜጠኞችና ለጀማሪ የሕግ ባለሙያዎች ነው። ለሥራው አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክና ሦስት ትጉህ ሰዎች ይበቃሉ።

ሰነዱን በእጅ መያዝ

ሁለት ሰነዶች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መንግሥትና በሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) መካከል ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ግጭትን በዘላቂነት የማቆም ስምምነት ነው። ሁለተኛው ኅዳር 3 ቀን 2015 በናይሮቢ የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች፣ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ፣ የፈረሙት የአፈጻጸም ሰነድ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ትልቁ ስሕተት የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

በፕሪቶሪያው ሰነድ አንቀጽ 6 መሠረት የሕወሓት ታጣቂዎች ቀላል መሣሪያን ጨምሮ ትጥቅ ፈትተው የሚጨርሱት ከፊርማው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነበር። ናይሮቢ ላይ ግን ከባድ መሣሪያ የማስረከቡ ሥራ የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ሠራዊት ውጪ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከሚወጡበት ሂደት ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ተደረገ። ፕሪቶሪያን ብቻ ያነበበ ሰው «30 ቀኑ አልፏል፣ ትጥቅ አልተፈታም» ይላል። ናይሮቢን ብቻ ያነበበ ደግሞ «ኃይሎቹ ሳይወጡ እንዴት?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱም ግማሹን ትተውታል። መዝገባችሁ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ከመግለጫ አይሻልም።

የተፈረመው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛና የትግርኛ ትርጉሞች ለመረዳት ይረዳሉ፤ አንቀጽ ስትጠቅሱ ግን ቁጥሩን ከፊርማው ሰነድ ጋር አመሳክሩ።

የግዴታ ሰንጠረዥ

በአንድ ገጽ ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ አንቀጽ፣ ግዴታው የተጣለበት ወገን፣ የጊዜ ገደብ፣ ቅድመ ሁኔታ፣ መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን የሚያሳይ ምልክት። ስምምነቱን ሙሉ በሙሉ ማስገባት አያስፈልግም። ለአብዛኛው አቤቱታ አንቀጽ 3 (ግጭት ማቆም)፣ 4 (የሲቪሎች ጥበቃ)፣ 5 (የሰብዓዊ ዕርዳታ መዳረሻ)፣ 6 (ትጥቅ መፍታት)፣ 7 (የመተማመን ግንባታ)፣ 8 (ዓለም አቀፍ ድንበርና የፌዴራል ተቋማት) እና 10 (የሽግግር እርምጃዎች) ይበቃሉ።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው የጊዜ ገደብ ዓምዱ ነው። አንዳንዱ ግዴታ ቀን አለው፤ ብዙው የለውም። አንቀጽ 10(3) መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲተገብር ያዛል፤ 10(4) ይገባኛል የሚነሣባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ያስገድዳል። በሁለቱም ላይ «በዚህ ቀን» የሚል ነገር አታገኙም። ቀን በሌለው ግዴታ ላይ «ተጣሰ» ብሎ መጻፍ ደካማ ነው። «ከፊርማው ወዲህ ይህን ያህል ወር ሆኖታል፤ ተወሰደ የተባለው እርምጃ ይህ ብቻ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ለማስተባበልም ይከብዳል።

ቅድመ ሁኔታ የሚለው ዓምድ ሰንሰለቱን ያሳያል። ሕወሓት ከሽብርተኝነት ዝርዝር የተሰረዘው መጋቢት 13 ቀን 2015 ነው፤ በማግስቱ አቶ ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በስምምነቱ የፖለቲካ ውይይቱ የሚጀመርበት ጊዜ ከዚህ ስረዛ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የውይይቱን መዘግየት የሚቆጥር ሰው የሚነሣው ከመጋቢት 2015 ነው፤ ከጥቅምት የሚነሣ አምስት ወር ያህል ያለ አግባብ ይጨምራል።

የፈራሚዎቹ ጉዳይም አለ። ኤርትራ አልፈረመችም፤ የአማራና የአፋር ክልል አስተዳደሮችም ፈራሚ አይደሉም። የኤርትራ ወታደር ከስምምነቱ በኋላ አንድ መንደር ላይ ያደረሰው በደል ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ግን የኤርትራ «ስምምነት መጣስ» ተብሎ አይገባም። የሚገባው በአንቀጽ 8 ስር ነው፤ ድንበሩን መጠበቅና ከየትኛውም ወገን ወረራ እንዳይኖር ማድረግ የመከላከያ ሠራዊት ኃላፊነት ተደርጎ የተጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ። ወንጀሉ ራሱ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ሕግ ይመዘገባል።

አንድ ክስተት፣ አንድ ገጽ

ለእያንዳንዱ ክስተት የራሱ ተራ ቁጥር ይሰጥ። ሁለት ቀን የቆየ ግድያና ዘረፋ ሁለት ገጽ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መንደር ማጨቅ ግን ኋላ ሊፈታ የማይችል ድብልቅልቅ ይፈጥራል።

ቀን። እዚህ ላይ የሚበላሸው መዝገብ ብዙ ነው። ምስክሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፣ ስልኩ በፈረንጅ ይመዘግባል፣ የውጭ ሪፖርት ደግሞ በፈረንጅ ብቻ ይጽፋል። ሁለቱንም ጻፉ፤ ስትቀይሩ የጳጉሜን ጉዳይ አትርሱ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቢሆንም ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ያለው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይጀምራል፤ 2012 እና 2016 እንዲህ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የአንድ ቀን ልዩነት ይኖራል። ያቺ አንድ ቀን የሟቹ ቀን ከተኩሱ ቀን በፊት የመጣ ሊያስመስል ትችላለች።

ሌሊት የተፈጸመ ነገር ሲሆን «ለ... አጥቢያ» የሚለውን አነጋገር ጠብቁ። የትግራይ ጦርነት የተጀመረበት ሌሊት ራሱ በአንዱ ጽሑፍ ጥቅምት 24፣ በሌላው ጥቅምት 25 ቀን 2013 ተብሎ ይገኛል፤ «ጥቅምት 24 ለ25 አጥቢያ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከክርክሩ ይድናል። ሰዓትም እንዲሁ፦ ምስክሩ «ስምንት ሰዓት» ሲል ቀን ይሁን ሌሊት ጠይቁ። የስልኩ ፎቶ 14:20 ካለ ከቀኑ 8:20 ነው። ሰዓት የማያውቅ ምስክር «ቅዳሴ ሲወጣ»፣ «ከብት ሲሰማራ»፣ «ከሱብሒ በኋላ» ካለ ቃሉን እንዳለ ጻፉት። የሰዓት ግምት የእናንተ ከሆነ የእናንተ መሆኑን በቅንፍ አመልክቱ።

ቦታ። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ። ይገባኛል በሚነሣባቸው አካባቢዎች ስሙ ራሱ አቋም ነው፤ «ምዕራብ ትግራይ» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ፣ «ወልቃይት ጠገዴ ሰቲት ሑመራ» ብትሉ ሌላው መዝገቡን ሳያነብ ይዘጋዋል። የቀበሌውንና የጎጡን ስም፣ ቀጥሎ ሁለቱንም የአስተዳደር ስሞች፣ ከዚያ የጂፒኤስ ነጥቡን ጻፉ። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ይበቃል፤ ስሕተቱ ከ11 ሜትር አይበልጥም። የድሮውን 1፡50,000 የወረቀት ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ መነሻው አዲንዳን የተባለው የልኬት ሥርዓት ስለሆነ ከስልኩ ነጥብ ጋር በ200 ሜትር ገደማ ይለያያል። በካርታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ማዶ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ብቻ ጻፉ።

ማን ፈጸመው። ምስክሩ ያየውን እንጂ የደመደመውን አትጻፉ። «የኤርትራ ወታደር ነበር»፣ «ፋኖ ነበር»፣ «የትግራይ ኃይል ነበር» የሚሉት መደምደሚያዎች ናቸው። በምን እንዳወቀ ጠይቁ፦ የደንብ ልብሱ ቀለም፣ ጫማው፣ የተናገሩት ቋንቋና ዘዬ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ እርስ በርስ የተጠራሩበት ስም፣ የመጡበትና የሄዱበት አቅጣጫ። ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ «አየሁ»፣ «ሰማሁ (ከማን)»፣ «ይመስለኛል»። ሦስተኛው ክፍል ዋጋ አለው፤ አንደኛው ውስጥ ሲገባ ግን መላውን ቃል ያረክሳል። መርማሪ በመጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ቀዳዳ ነው።

የሟቾች ቁጥር። ስም ከነአባት ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራ፣ ቅጽል ስም፣ የተቀበረበት ቦታ። አንድ ሰው በመዝገብ ስሙ፣ በክርስትና ስሙና በሰፈር ስሙ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ የትግርኛና የአማርኛ አጻጻፍ ሲለያይም እንዲሁ። ዝርዝሩን በአባት ስም ደርድሩትና ተመሳሳዮቹን በዓይን ለዩ። ስማቸው ያልታወቁትን በሌላ ገጽ ያዙ፣ ከስም ዝርዝሩ ጋር አትደምሩ። ኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 አክሱም ላይ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ደረጃ ግኝቱ ከ100 በላይ ሲል፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመቶዎች የሚቆጠሩ ብሏል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲነሣ መዝገባችሁን የሚያድነው የቁጥሩ መተለቅ ሳይሆን እንዴት እንደቆጠራችሁ በአንድ መስመር መጻፋችሁ ነው፦ በስም የታወቀ ብቻ፣ ቤተሰብ ያረጋገጠው፣ ወይስ አስከሬን ያየ ሰው የነገረን?

ምስክር ሲጠየቅ

ፈቃድ በቅድሚያ ይጠየቃል፤ አንድ ጥያቄም አይደለም። ቃሉ እንዲጻፍ፣ ድምፁ እንዲቀዳ፣ ለመንግሥት አካል እንዲሰጥ፣ ለመገናኛ ብዙኃን እንዲወጣ፦ አራት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ለአንዱ እሺ ያለ ለሌላው እንቢ ሊል ይችላል፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ምልክት አድርጉበት። ምስክሮችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ይቀላልም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የሁሉም ትዝታ አንድ ይሆናል። ያኔ አሥር ምስክር አላችሁ ማለት አይቻልም፤ አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ ነው የተጻፈው።

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ሥልጠና የሌለው ሰው ዝርዝር አይጠይቃት። መጀመሪያ ሕክምና ነው። ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጊዜው ያለፈ ቢሆንም የጤና ተቋሙ ካርድ ራሱ ማስረጃ ነው። በመዝገባችሁ ላይ የሚገባው ኮድ፣ ቀን፣ ቦታና ወደየት እንደተላከች ብቻ ነው። ተጎጂዋን በየተቋሙ እየመለሱ ማስተረክ ሌላ ጉዳት ከመሆኑም በላይ፣ ቃሎቹ በትንሽ በትንሹ እየተለያዩ ስለሚሄዱ ኋላ በችሎት ተከላካይ ጠበቃ የሚይዘው እነዚያን ልዩነቶች ነው።

የስም ቁልፉ፣ ማለትም ኮድ 014 ማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት፣ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ቤት አይደር።

ፎቶ፣ ቪዲዮና የማይነኩ ነገሮች

ዋናውን ፋይል እንደተነሣ አስቀምጡት። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ቀኑንና ቦታውን የያዘው መረጃም ይጠፋል፤ መላክ ግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» በሚለው አማራጭ ላኩ። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ የፋይሉን ሻ-256 የሚባል አሻራ አውጡና በደብተሩ ላይ ጻፉ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ በፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ።

ሲነሣ ደግሞ ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ። የሩቁ ፎቶ የሚታወቅ ነገር ይያዝ፦ ተራራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ሚናራ፣ የውሃ ማማ። የቅርቡ ላይ ለመጠን የሚሆን ማስመሪያ አጠገቡ አኑሩ። ከሌላ ሰው የደረሳችሁ ቪዲዮ ከሆነ ከማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደደረሳችሁ ይጻፍ፤ «ከፌስቡክ» ብቻ መባሉ አይበቃም።

ቀለህ፣ ያልፈነዳ ጥይት፣ የቦምብ ስባሪ አትልቀሙ። አደጋው ግልጽ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ነገር ደግሞ የማስረጃ ዋጋውን አብዛኛውን ያጣል። የጅምላ መቃብርም አይቆፈር። ቤተሰብ ሬሳ አውጥቶ በወጉ ለመቅበር መፈለጉ የሚገባ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ ቀደም ብሎ ከሽማግሌና ከሃይማኖት አባት ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው። አጥንት አንዴ ከተቀላቀለ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ጥይቱ ከየት እንደገባ ለማወቅ እጅግ ይከብዳል። አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳው የተባበሩት መንግሥታት የሚኒሶታ ፕሮቶኮል በዚህ ላይ ዝርዝር መመሪያ አለው፤ በአጭሩ፦ አጥሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ነጥቡን መዝግቡ፣ ተውት።

የጠፋ ሰው

ፍለጋው በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በኩል ይመዘገባል፤ ጡረታ፣ ቤት፣ የባንክ ገንዘብና ውርስ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ይፈልጋሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ቀላል አይደለም፦ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ውርስ ይከፈታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መክሮበት ይግባ። ሁለት ዓመቱ የሚቆጠርበትን የመጨረሻ ወሬ (ስልክ፣ መልእክት፣ ያየው ሰው) በቀን ማረጋገጥ ትልቁ ሥራ ነው። ውሳኔው ማን እንዳጠፋው የሚደረገውን የወንጀል ምርመራ አይዘጋም፤ «ፋይሉ ተዘግቷል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሕጉን ከነቁጥሩ አሳዩት።

ወዴት ይቅረብ?

በአፍሪካ ኅብረት የተቋቋመው የክትትል፣ የማረጋገጥና የተፈጻሚነት ቡድን ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 መቀሌ ላይ ሥራ ጀምሯል። የእርሱ ጉዳይ የሁለቱ ፈራሚዎች ግዴታ ነው፤ የግለሰብ ካሣም ሆነ የወንጀል ክስ አያይም።

የመብት ጥሰት አቤቱታ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የአስተዳደር በደል (ተከልክሎ የቀረ ዕርዳታ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ መታወቂያ መከልከል) ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ወንጀል ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ስምምነት ኢትዮጵያ ስላላጸደቀች ሄግ ላለው ለዚህ ፍርድ ቤት ማመልከቻ መላክ በራሱ ሥልጣን አይፈጥርም፤ የጸጥታው ምክር ቤት ካልመራው ወይም አገሪቱ ካልተቀበለች በቀር። ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ክፍት ነው፤ የአገር ውስጥ መፍትሔ መሟጠጡን ወይም ከልክ በላይ መጓተቱን ግን ማሳየት ይጠበቅባችኋል። እንግዲህ ከአገር ውስጥ የተሰጣችሁ እያንዳንዱ «ነገ ተመለሱ» በቀን ተመዝግቦ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሥልጣኑ በ2016 መጀመሪያ አብቅቷል። ለእርሱ ቃል የሰጠ ሰው ቃሉ በራሱ ወደ አገር ውስጥ ተቋም ይደርሳል ብሎ አይጠብቅ፤ ዳግም ይመዝግብ።

መረጃ ለመጠየቅ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ጥያቄው በጽሑፍ ለተቋሙ ሕዝብ ግንኙነት ይገባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል፤ ከተከለከለ ለተቋሙ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ አቤት ይባላል። «ስለ መልሶ ግንባታ መረጃ ስጡን» የሚል ጥያቄ ከንቱ ነው። «ለዚህ ወረዳ በዚህ በጀት ዓመት ለጤና ጣቢያ ጥገና የተፈቀደው ብር ስንት ነው፣ በየትኛው የደብዳቤ ቁጥር ተላለፈ» የሚለው ግን ወይ መልስ ያመጣል፣ ወይ የተጻፈ እምቢታ። የተጻፈ እምቢታም ሰነድ ነው።

በፖሊሲው ክርክር ላይ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውን ያጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ነው። ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ያስባል። ፖሊሲ ግን ሕግ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተቋም የራሱ አዋጅ ይፈልጋል። በስብሰባ ላይ ዕድል ስታገኙ «ፍትሕ መቼ ነው?» ከማለት ይልቅ የየትኛው ተቋም አዋጅ የት ደረሰ፣ ዳኞቹን ማን ይመርጣል፣ የመንግሥት ጦር ራሱ የሚከሰስበት ጉዳይ በማን ይመረመራል፣ አገር ጥሎ የወጣ የውጭ ሠራዊት አባል ላይ ምን ይደረጋል ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው፤ ደብዛዛነቱንም እንዳለ ጻፉት።

ምሕረት የሚለው ቃል ሲነሣ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 አውጡ። የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ መሰወርና የማሰቃየት ድርጊት በይርጋ አይታገዱም፤ በሕግ አውጪውም ሆነ በሌላ የመንግሥት አካል ውሳኔ በምሕረት ወይም በይቅርታ አይታለፉም። ፖሊሲው በቅድመ ሁኔታ ላይ ለተመሠረተ ምሕረት ቦታ ስለሚሰጥ ድንበሩ የት እንደሆነ መጠየቅ የማንም መብት ነው። ሌላም ክፍተት አለ፦ የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 269 ጀምሮ የዘር ማጥፋትንና የጦር ወንጀልን ይደነግጋል፤ «በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል» ግን በዚያ ስም ራሱን የቻለ አንቀጽ የለውም። ይህን ሳያውቁ ማመልከቻ ላይ ቃሉን መደርደር ክሱን አያጠነክረውም፤ ድርጊቱን በዝርዝር ጻፉ፣ ስያሜውን ዐቃቤ ሕጉ ይስጠው።

ማስረከብና ማረም

ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ቅጂ ስጡ። ቅጂው ላይ የተቀባዩ ተቋም ማኅተም፣ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና የፈረመው ሰው የሥራ ድርሻ ይኑር፤ «ተቀብለናል» የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሬጅስትራሩ ቁጥር አልሰጥም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከቅጂው ጋር ስፉት።

ስሕተት ስታገኙ አትፍቁ፣ ገጽም አትቅደዱ። በአንድ መስመር ሰርዙት፤ የተሰረዘው ከስሩ መነበብ አለበት። ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፣ ቀንና ፊርማ፣ ለምን እንደተቀየረም በጥቂት ቃል። ሞቷል ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሕይወት ከተገኘ ስሙ ከዝርዝሩ በዚሁ መንገድ ይወጣል፤ ድምሩ በዚያው ቀን ይስተካከላል፤ አሮጌው ቁጥር ለደረሰው ተቋም ሁሉ የማረሚያ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ይላካል።